የጭምብል ለባሽ ትግለኛን ታሪክና የቤተሰብ ውርስ እንዴት እንጽፋለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚለጠፈውን የግድግዳ መጽሔት የማርመው እኔ ነበርሁ። አንድ ተማሪ ስለ ጭምብል ለባሹ ትግለኛ ስለ ሬይ ሚስቴሪዮ ሁለት ገጽ ጽፎ አመጣልኝ፤ እኔም ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን አቃንቼ አሳለፍሁት። በጽሑፉ መካከል ዶሚኒክ የተባለው ልጅ እውነተኛ አባቱ ኤዲ ጌሬሮ እንደሆነና ሬይ ሚስቴሪዮ እንዳሳደገው የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ወረቀቱ ሳምንት ያህል ግድግዳው ላይ ከቆየ በኋላ የልጁ የክፍል ጓደኛ መጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ድርሰት ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ሁለቱ ትግለኞች የሕፃኑን አሳዳጊነት አስይዘው በመሰላል የተጋጠሙት ለቴሌቪዥን በተጻፈ ታሪክ ነው፤ ዶሚኒክ የሬይ ሚስቴሪዮ የአብራክ ልጅ ነው። እንግዲህ እኔ ፊደል ስለቅም የአንድን ቤተሰብ ትውልድ አጥፍቼ ለሳምንት ለጥፌ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እንደዚህ ያሉ ሰዎች መጻፍ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የማሳየውን አካሄድ እዚህ አቀርባለሁ። ምሳሌ የማደርገው ኤል ሳንቶን ነው። ይህ ሰው በሜክሲኮ ጭምብል ለባሽ ትግለኞች ሁሉ የሚለኩበት ነው፤ ታሪኩም ከሪንግ፣ ማለትም ከትግል መድረኩ፣ ወደ ሲኒማ፣ ከሲኒማ ወደ ልጁና ወደ ልጅ ልጁ የዘለቀ በመሆኑ አንድ ጸሐፊ ሊገጥመው የሚችለውን ችግር ሁሉ ይዟል።

አስቀድሞ ስለ ቃል ጥቂት ልበል። «ታጋይ» ብለን ብንጽፍ በእኛ አገር አንባቢ ዓይን ፊት የሚመጣው ጠመንጃ ይዞ በረሃ የወረደ ሰው ነው፤ ስለዚህ እኔ «ትግለኛ» ማለትን እመርጣለሁ፣ ልጆቹ «ሬስለር» ቢሉም አልከለክላቸውም። የስፓኝ ቋንቋ ስሞችን ስትጽፉ ግን የላቲኑን ፊደል እያያችሁ ሳይሆን ድምፁን እየሰማችሁ ጻፉ። «ልጅ» የሚለው ቃላቸው «ኢኾ» ነው፤ መጀመሪያው ላይ የሚታየው ፊደል ድምፅ የለውም፣ መካከል ላይ ያለው ደግሞ የመንዝ ሰው «ኸዚህ» ሲል ከጉሮሮው የሚያወጣውን ይመስላል። «ሂጆ» ብለው የሚጽፉ አጋጥመውኛል፤ እንዲያ ዓይነት ቃል የለም።

የመጀመሪያው ሥራ የሰውየውን ስሞች በጊዜ ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ መደርደር ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ የሸዋ መኳንንት የዓለም ስሙ፣ የክርስትና ስሙና የፈረስ ስሙ ለየብቻ ነበሩ፣ ምኒልክን በጦር ሜዳ «አባ ዳኘው» የሚላቸው ወታደር በቅዳሴ ላይ በዚያ ስም እንደማይጠሩ ያውቅ ነበር። የኤል ሳንቶ ትክክለኛ ስም ሮዶልፎ ጉስማን ኡዌርታ ሲሆን የተወለደው በኢዳልጎ ግዛት በቱላንሲንጎ ከተማ መስከረም 13 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው። ትግል የጀመረው ጭምብል ሳይለብስ በሩዲ ጉስማን ስም ነበር፤ ቀጥሎ «ቀዩ ሰው» እና «ጥቁሩ ጋኔን» ተብሏል። ከዚያም «ሁለተኛው የሌሊት ወፍ» የሚል ስም ይዞ ብቅ አለ። ነገር ግን «የሌሊት ወፍ» በሚል ስምና ጭምብል አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ትግለኛ ስለነበረ ባለቤቱ አቤት አለ፣ የትግል ኮሚሽኑም ለእሱ ፈረደለት፤ ጉስማንም ስሙን እንዲተው ተገደደ። ይህን ነገር ከወረቀታችሁ ላይ አትዝለሉት፤ ስለ ውርሱ ስትጽፉ ተመልሳችሁ የምትመጡበት ነው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ስሞች አቀረበለት፤ ቅዱስ፣ ዲያብሎስና መልአክ። እሱም የመጀመሪያውን መረጠ፤ «ኤል ሳንቶ» ማለት ቅዱሱ ማለት ነው።

ቀኑን በሚመለከት ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠሮች ማዘጋጀት ይገባል። ብዙ ተማሪዎች ከፈረንጁ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሰው ያልፋሉ፤ ወሩንና ቀኑን ግን እንዳለ ይተዉታል። ውጤቱም ወሩ የፈረንጅ፣ ዓመቱ የእኛ የሆነ ቅይጥ ቀን ነው። ከጷጉሜን ስድስተኛዋ ቀን በኋላ በሚመጣው ዓመት መስከረም አንድ ቀን ወደፊት እንደሚገፋም አትርሱ። በትክክል ከተቆጠረ ኤል ሳንቶ በብርማ ጭምብሉና በዚህ ስሙ በሜክሲኮ ሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የታገለው በጁላይ 26 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ሐምሌ 19 ቀን 1934 ዓ.ም.። «ቅዱሱ» የተገለጠበት ዕለት እዚህ ታቦተ ገብርኤል የሚወጣበት መሆኑ እንዲሁ መግጠም ብቻ ነው፣ እኔ ግን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ቀኑን ከዚያ ወዲያ አይረሱትም።

ቀጥሎ ስለ ጭምብሉ አጭር ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የደብረ ሲና ወይም የሸዋ ሮቢት አንባቢ ሰውየው ለምን ፊቱን እንደሚሸፍን አይገባውም። «ሉቻ ሊብሬ» ተብሎ የሚታወቀውን የሜክሲኮ ትግል በድርጅት መልክ ያቋቋመው ሳልቫዶር ሉቴሮት ነው፤ ዘመኑም 1933 እ.ኤ.አ. ነው። በቀጣዩ ዓመት አንድ ከውጭ የመጣ ትግለኛ ፊቱን መሸፈን ፈልጎ አንቶኒዮ ማርቲኔስ ወደሚባል ጫማ ሠሪ ሄደ፤ ጫማ ሠሪውም የትግለኛውን ጭንቅላት ለክቶ ከቆዳ ሰፋለት። የሜክሲኮ የትግል ጭምብል ሥራ ከዚያ ጫማ ሠሪ ቤት ተነሣ። ትግለኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ደንብ አክባሪው «ቴክኒኮ»፣ ደንብ ጣሹ «ሩዶ» ይባላል። ከሁሉ የሚከብደው ግጥሚያ ሁለቱ ጭምብላቸውን የሚያስይዙበት ነው። የተሸነፈው በሕዝብ ፊት ጭምብሉን ያወልቃል፣ እውነተኛ ስሙን፣ የተወለደበትን አገርና ስንት ዓመት እንደታገለ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ጭምብል ለብሶ አይታገልም። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆንም የወለቀው ጭምብል በእውነት ወልቋል፣ የተነገረው ስምም እውነተኛ ስም ነው።

እዚህ ላይ ነው ጸሐፊው ሁለት ዓምድ ማስመር ያለበት። በአንደኛው ዓምድ ለተመልካች የተደረሰውን፣ በሁለተኛው በሕይወት የሆነውን ይጻፍ። ለምሳሌ ብላክ ሻዶውና ብሉ ዲመን የተባሉት ትግለኞች «ወንድማማቾቹ ሻዶው» እየተባሉ አብረው ይታገሉ ነበር፤ ነገር ግን ወንድማማቾች አልነበሩም። ኤል ሳንቶ በጥቅምት 28 ቀን 1945 ዓ.ም. ብላክ ሻዶውን አሸንፎ ጭምብሉን አስወለቀው፤ ብሉ ዲመንም «የወንድሙን» ደም ሊመልስ ተነሣ፣ በሚቀጥለው የፈረንጆች ዓመት የዓለም ሻምፒዮናነቱን ከሳንቶ ወሰደበት። ወንድማማችነቱ በድርሰቱ ዓምድ፣ የብላክ ሻዶው ፊት መገለጥ በሕይወቱ ዓምድ ይገባል። የሻምፒዮናው ቀበቶ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ አሸናፊው ቀድሞ የተወሰነ ቢሆንም ለዚያ ክብር መመረጥ ራሱ የሙያ ማዕረግ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን በሁለቱም ዓምዶች አስጽፈዋለሁ።

የሙያ ዘመኑን ስትተርኩ ሪንጉን፣ የሥዕል መጽሔቱንና ሲኒማውን አትደባልቁ። በ1952 እ.ኤ.አ. ሆሴ ጉዋዳሉፔ ክሩስ የተባለ አሳታሚ ኤል ሳንቶን የሥዕል መጽሔት ጀግና አደረገው፤ በ1958 መጨረሻ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞቹን በኩባ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ የተሳተፈባቸው ፊልሞች ከሃምሳ በላይ ሆኑ። በፊልሞቹ ከደም መጣጮች፣ ከተነሡ ሬሳዎችና ከእብድ ሳይንቲስቶች ጋር ይዋጋል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አይተው «ቅዱሱ» ምንጊዜም የደካሞች ጠበቃ እንደነበረ ይጽፋሉ፤ ስህተት ነው። በሪንግ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ገደማ አብዛኛውን ጊዜ ሩዶ ነበር፤ በወረቀት ላይ ልጆችን እያዳነ፣ ማታ ሪንግ ላይ ተጋጣሚውን ደንብ እየጣሰ ይደበድብ ነበር። ይህ ቅራኔ ለእኔ ከፊልሞቹ ሁሉ የበለጠ የሚጣፍጥ ነውና ቦታ ስጡት።

የፊልሞቹን ዝርዝር አትደርድሩ። አንድ ሁለቱን ብትጠቅሱ ይበቃል።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል፤ እሱም ትውልድ መቁጠር ነው። አያቴ የጌራ መንዝ ሰው ናቸው። ልጅ ሳለሁ ምድጃ ዳር ባና ተከናንበው ተቀምጠው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥሩልኝ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ይህ ለጨዋታ የሚደረግ አልነበረም፤ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ወደ አቅኚው አባት ቆጥሮ በመድረስ ነበር። ይሁንና አያቴ ሁልጊዜ የሚጨምሩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ የደም ዘር መሆን ለመጠየቅ ያበቃል እንጂ መሬቱን አይሰጥም ይሉ ነበር። መሬቱን የሚያገኘው ጠይቆ፣ ተሟግቶና በዘመዶቹ ዘንድ ታውቆ የገባበት ነው። የጭምብልን ውርስ በዚህ ዓይን የተመለከተ ጸሐፊ አይሳሳትም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሁለት መስመሮች ይሰመሩ፤ አንዱ የደም ትውልድ፣ ሁለተኛው የስም ትውልድ።

በደም ትውልድ መስመር ላይ የኤል ሳንቶ ወንድሞች መጀመሪያ ይመጣሉ፤ ብላክ ጉስማን የተባለው ወንድሙ በትግል የታወቀ ነበር። ነገር ግን እሱ ከብሩ ጭምብል ምንም አልወረሰም፣ በራሱ ስም የኖረ ነው። ከልጆቹ መካከል የስሙ ወራሽ የሆነው በኩሩ ሳይሆን የመጨረሻው ልጁ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ያጠና፣ በሪንግ ስሙም «ኤል ኢኾ ዴል ሳንቶ»፣ ማለትም የቅዱሱ ልጅ ተብሎ የሚታወቀው። በሕይወት ያለና ጭምብሉን ያላስወለቀ ትግለኛ ስሙ በሌላ ቦታ ቢገኝ እንኳ እኔ አልጽፈውም፤ በአገራቸው ልማድ ያ ስም በሽንፈት ብቻ የሚነገር ነውና፣ ማንም ሳያሸንፈው እኔ ከደብረ ብርሃን ሆኜ ጭምብሉን ላስወልቀው አይገባም። የአባቱን የጻፍሁት አባቱ ራሱ ከሞት በፊት ፊቱን ስለገለጠና ስሙም በመቃብሩ ላይ የአደባባይ ነገር ስለሆነ ነው።

ልጁ የስሙ ወራሽ ሆኖ ይኑር እንጂ ነገሩ በጸጥታ አላለፈም። የኤል ሳንቶ አንድ የልጅ ልጅ «ኤል ኒየቶ ዴል ሳንቶ»፣ ማለትም የቅዱሱ የልጅ ልጅ በሚል ስም መታገል ሲጀምር፣ የስሙ መብት በእጁ የነበረው አጎቱ በሕግ ተከራክሮ አስቆመው፤ ወጣቱም አክሰል በሚል ስም ቀጠለ። የወጣቱ ደም አልተካደም፤ የተካደው ስሙን የመያዝ መብቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤል ኢኾ ዴል ሳንቶ የራሱ ልጅ ብርማውን ጭምብል ለብሶ ሳንቶ የሚለውን ስም ይዞ ወጣ። ሁለቱም ወጣቶች ለሮዶልፎ ጉስማን የልጅ ልጆች ናቸው፤ በደም መስመር ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ በስም መስመር ላይ ግን አንደኛው ብቻ አለ። ቀደም ሲል አትዝለሉት ያልኋችሁን የሌሊት ወፍ ነገር እዚህ አምጡት። የዚህ ሁሉ ክርክር ምንጭ የሆነው ሰው ራሱ በወጣትነቱ የሌላ ሰው ስም ተበድሮ በፍርድ የተከለከለ ነበር። ማን ትክክል እንደነበረ የመፍረድ ግዴታ ያለባችሁ አይመስለኝም፤ እኔ ግን፣ የርስት ክርክር ሲሰማ ያደገ ሰው እንደመሆኔ፣ ልቤ ለተከለከለው የልጅ ልጅ ያደላል።

ለማነጻጸር የብሉ ዲመንን ቤት ማቅረብ ይጠቅማል። «ብሉ ዲመን ዩኒዮር»፣ ማለትም ታናሹ ብሉ ዲመን ተብሎ የሚታወቀው ወራሹ የማደጎ ልጁ ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. መታገል ጀምሮ በ2008 ኤን ደብሊው ኤ የተባለው የትግል ድርጅት የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል። የጡት ልጅ ማድረግን በሚያውቅ የሸዋ ሕዝብ ዘንድ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ «እውነተኛ ልጁ አይደለም» የሚል ሐረግ ግን በጽሑፋችሁ እንዳይገባ። በሌላ በኩል «ኢኾ» ወይም «ዩኒዮር» የሚል ስም የያዘ ሁሉ ልጅ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙን ከባለቤቱ ገዝተው ወይም ተፈቅዶላቸው የሚይዙ፣ በደም የማይገናኙ አሉ። የእኛ ልጆች ወደሚያውቁት ወደ ሬይ ሚስቴሪዮ ስንመለስ ደግሞ እሱ ስሙን የያዘው ከአጎቱ ነው፤ የተወለደውም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እንጂ በሜክሲኮ አይደለም። ጭምብሉን በ1999 እ.ኤ.አ. ተሸንፎ አውልቆ ነበር፣ በ2002 ግን ለብሶት ተመለሰ። የሜክሲኮ ሽማግሌዎች ይህን እንዴት እንደሚያዩት መገመት አያስቸግርም። ልጁ ዶሚኒክ እስካሁን የሚታገለው በገሃድ ፊቱ ነው፤ በ2022 በአባቱ ላይ መነሣቱን ግን በየትኛው ዓምድ እንደምትጽፉት አሁን ታውቃላችሁ።

የሞቱን ነገር ስትጽፉ አታጋንኑ፤ እንዳለ ቢነገር በቂ ነው። ኤል ሳንቶ ከትግል የተሰናበተው በመስከረም 2 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ 65 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በጃንዋሪ 1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ሳይታሰብ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ፊቱን በከፊል አሳየ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በጥር 27 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ በሜክሲኮ ሲቲ ቴአትር ቤት ትርኢት ባቀረበበት ዕለት በልብ ሕመም ሞተ። የተቀበረውም ጭምብሉን እንደለበሰ ነው። ፊቱን ያሳየው ሞቱን አውቆት ነው የሚሉ አሉ፤ ይህን ብትጠቅሱ «ይባላል» ከሚለው ቃል ጋር ይሁን።

ጽሑፉ ሲያልቅ ትውልድ መቁጠር ለሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ትግል ምንም ባያውቅ የተሻለ ነው፤ የሚጠይቀው የዘር ጥያቄ ብቻ ይሆናልና። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቄን በፋሲካ ሰሞን ለአያቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው «ልጁ ስሙን ሲይዝ አባትየው በሕይወት ነበሩ ወይስ አልነበሩም?» አሉኝ። በረቂቄ ላይ የለም። ቀኖቹን አውጥቼ ቆጠርሁ፤ ልጁ በአባቱ የብር ጭምብል መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በጥቅምት 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው፣ አባቱ ከተሰናበተ በ36ኛው ቀን። አባቱ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በላይ ኖሯል፣ በቴአትር ቤት ሲሠራም ጭምብሉን አላወለቀም። «እንግዲያማ» አሉ አያቴ፣ «አውርሰው አልሞቱም፤ አስረክበው አብረው ለብሰውታል።» ያንን ዓረፍተ ነገር የእሳቸው መሆኑን ገልጬ በስም መስመሩ ላይ፣ በአባትና በልጅ መካከል ጻፍሁት።